የሊቀ ብልጭታው ምጥ

ይህ የሆነው እኛ አገር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ በእኔ ዕድሜ የሚፈራ ነገር ቢኖር ብርድና ደረጃ ብቻ ነው። የምናገረው ለወጉ ያህል ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሊደረግ እንደማይችል እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ በር ላይ ቆሞ የሚያዳምጠውም ሰውዬ ያውቃል። እንግዲህ ሁላችንም ከተስማማን እሱም ይግባና ይቀመጥ፣ እኔም ልቀጥል።

በዚያ አገር አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ከሐይቁ ወዲህ ገበያው፣ ወፍጮው፣ ወጌሻውና አዋላጇ፤ ከሐይቁ ወዲያ እርሻውና ገበሬው። ጥሩ ጥሩው ነገር ሁሉ ለምን ወዲህ ሆነ ብትሉኝ፣ ቤተ መንግሥቱ ወዲህ ስለሆነ ነው። የአገሩን ታሪክ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ማዶ ያለ ሰው እግሩ ሲሰበር፣ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ወይም ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ወዲህ የሚያመጣቸው የማሻገር ማኅበር የሚባል ነበር። መንግሥት ያቋቋመው አይደለም። የሐይቁ ዳር ሰዎች እንጨት አዋጥተው፣ ታንኳ ጠርበው፣ በተራ እየቀዘፉ ለነፍሳቸው ብለው የሚሠሩት ሥራ ነው። ሰብሳቢያቸው እትዬ የሻረግ ነበሩ፤ ሰፊ ትከሻ፣ ከትከሻቸውም የሰፋ ድምፅ ያላቸው ሴት። ወዲህ ሆነው ሲያስነጥሱ ማዶ ያሉት ሰዎች "ይማርዎ" ይሏቸው ነበር ይባላል። ይህቺ እንኳ ሳትጋነን አትቀርም።

አሠራራቸው ቀላል ነበር። የቸገረው ሰው ማዶ ከውኃው ዳር ይቆምና እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ኧረ አሻግሩን!" ብሎ ይጣራል። ወዲህ ያለው ተረኛ ቀዛፊ "መጣን!" ይላል። ሄዶ ያመጣዋል። አለቀ። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ግን መንግሥት የሚባለውን ፍጡር እንቅልፍ ይነሳዋል።

ታዲያ አንድ ጊዜ የአገሩ ንጉሥ ለሠርግ ወደ ጎረቤት መንግሥት ሄዱ። እዚያም በየኮረብታው ትልልቅ መስታወት ተተክሎ፣ የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀ ወሬ ሲያደርስ አዩ። አንዴ ብልጭ ካለ እንግዳ መጣ ማለት ነው፤ ደጋግሞ ብልጭ ካለ ምሳ ይቅረብ ማለት ነው። ንጉሡ ምሳው አልወረደላቸውም። በቅናት ሲቃጠሉ ሰንብተው አገራቸው እንደተመለሱ "እኛስ ከማን አንሰን?" አሉና አገሩን በመስታወት አስሞሉት። ለጦሩ መስታወት፣ ለግብር ሰብሳቢው መስታወት፣ ለወጥ ቤቱ መስታወት። ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ፊቱ የደበዘዘ ብዙ መስታወት መጋዘን ውስጥ ተረፈ። ምን እናድርገው ተባለ። አንድ አማካሪ "ለበጎ አድራጊ ማኅበራት በነጻ ይታደላቸው" አለ። ንጉሡ በገዛ ደግነታቸው ልባቸው ተነክቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እንዲህ ሆነና የብልጭታ አገልግሎት ለማኅበራት የሚባል መሥሪያ ቤት ተከፈተ። ሹሙ ሊቀ ብልጭታ ተባሉ፤ ስማቸው አድማሱ ነው። ከዚያ በፊት ሥራቸው ለቤተ መንግሥቱ ፈረሶች ስም ማውጣት ነበር፤ ፈረሶቹ ሁሉ ስም አግኝተው ስላለቁ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው ነበር። ቦርጫም፣ ጨዋ፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ክፉ ናቸው አልልም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ሲደክመው አረፍ ይላል።

ሊቀ ብልጭታው መስታወቱን በሐር ጠቅልለው ሐይቁ ዳር መጡና ማኅበርተኛውን ሁሉ ለሥልጠና ሰበሰቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ አዲሱ ዘመን ብዙ ተናገሩ። ጨርሰው ዓይናቸውን ሲገልጡ አያ ደርሶ የሚባለው የማኅበሩ ዋና ቀዛፊ እጁን አውጥቶ አዩት።

"ጥያቄ አለኝ ጌታዬ። ሰዉ ሲጠራን እኛ እንሰማዋለን። መስታወቱ ምን ይጨምርልናል?"

"ፍጥነት" አሉ ሊቀ ብልጭታው።

"አሁንም እኮ እንደተጠራን ነው የምንሄደው።"

"ግልጽነት።"

"ሲጠራን ሐይቁ ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል እኮ፣ ጌታዬ።"

ሊቀ ብልጭታው ትንሽ አሰቡ። "ምሳ ቀርቧል" አሉ።

ከምሳ በኋላ ሥርዓቱ ተነገረ። ከእንግዲህ ማዶ የቸገረው ሰው አይጮህም። ማዶ ወደ ተሠራው የመስታወት ማማ ሄዶ ችግሩን ለአብሪው ይነግራል። አብሪው ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ያብለጨልጫል። ቤተ መንግሥቱ ጥሪውን ይመረምራል፤ የተጣራው በእውነት ሰው መሆኑን፣ ማዶም በእውነት ማዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ትእዛዙን ለማሻገር ማኅበር ያብለጨልጫል። ማኅበሩ ደግሞ ትእዛዙን ከመቀበሉ በፊት ራሱ ማኅበሩ መሆኑን በምስጢር ምልክት ያስታውቃል። ምልክቱ ወር በገባ ቁጥር ይቀየራል፤ ካለፈው ምልክት ጋር መመሳሰል የለበትም፤ በቀላሉ የሚታወስ ከሆነም አይፈቀድም። ምልክቱን ደጋግሞ የሳተ ማኅበር ይዘጋበታል። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥት ድረስ በእግሩ ሄዶ ማመልከት ይችላል፤ እዚያ ሲደርስ ግን አቤቱታ የሚሰማው በመስታወት ብቻ እንደሆነ ይነገረዋል።

"መስታወቱ የተሰበረ እንደሆነስ?" አሉ እትዬ የሻረግ።

"መሰበሩን በመስታወት ታሳውቁናላችሁ።"

እትዬ የሻረግ ሰውየው እየቀለዱ እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አዩ። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

የመጨረሻው አዋጅ አጭር ነበር፦ በአፍ የተጠራ አልተጠራም። ጩኸት የሰማ ሰው እንዳልሰማ ይቆጠራል፤ ሰምቼ ሄድኩ የሚል ማኅበር ታንኳው ሁሉ ይወረሳል። ማኅበርተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ምሳውን አንዴ በልተዋልና ምን ይበሉ?

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ልጆች ብልጭታውን በየግድግዳው እያሳደዱ ይስቁ ነበር። ነገር ግን መስታወቱ ከባድ ስለሆነ የሚያዞረው ጉልበተኛ ይፈልጋል፤ ማኅበሩ ውስጥ ጉልበት ያለው ቀዛፊው ነው። ስለዚህ ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን አስቀምጠው ማማ ላይ ወጡ። ጠዋት ጠዋት "እኛ እኛ ነን" ብለው ያብለጨልጫሉ፤ ቤተ መንግሥቱ "እናንተ እነማን ናችሁ?" ብሎ ይመልሳል፤ እንዲህ ሲባባሉ ይረፍዳል። መሥሪያ ቤቱ የማኅበርን ትጋት የሚለካው በብልጭታ ብዛት ነው እንጂ በተሻገረ ሰው አይደለም። ታንኳዎቹ ዳር ላይ እንደተገለበጡ ተሰነጣጠቁ። በዓመቱ መጨረሻ የማሻገር ማኅበር ሰው በማሻገር ጊዜውን ስላላባከነ የአገሩ አብሪ ማኅበር ተብሎ ተሸለመ። ሽልማቱ ሌላ መስታወት ነበር።

ሌሎቹም ማኅበራት አልተረፉም። የቀባሪዎቹ ማኅበር ሟቹ ራሱ መሞቱን በብልጭታ ካላረጋገጠ መቃብር መቆፈር ተከለከለ። አንድ ሽማግሌ ሞተው ቤት ውስጥ ሰንብተው ቤተሰቡ በመጨረሻ መስታወቱን እጃቸው ላይ አስሮ ወደ ፀሐይ አዞረላቸው፤ ቤተ መንግሥቱም "ላደረጉልን ትብብር እናመሰግናለን" ብሎ መለሰላቸው። የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ።

መስታወት ፀሐይ እንደሚፈልግ፣ ክረምት ደግሞ ፀሐይ እንደሌለው ከንጉሡ እስከ ፈረስ ጠባቂው ማንም አላሰበውም። የጎረቤቱ አገር በረሃ ነው፤ ዝናብን የሚያውቁት በወሬ ነው። የእኛዎቹ፣ ይቅርታ፣ የእነዚያ አገር ሰዎች ግን ዕቃውን ሲቀዱ ሰማዩንም አብረው የቀዱ መስሏቸዋል። እናም ከሰኔ ጀምሮ በየማማው ሥር ለተሰለፈው ባለጉዳይ ሁሉ አንድ መልስ ተሰጠው፦ "ፀሐይ የለም።" መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ምን እናድርግ? ነገ ተመለሱ። መልሱ እንዲህ ተመቻቸና ሕዝቡም ለቤቱ ወሰደው። ሚስት ባሏን እንጨት ፍለጥ ስትለው ከመደቡ ሳይነሳ "ፀሐይ የለም" ይላት ጀመር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እትዬ የሻረግ ዘርፌ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ የተዳረችው ማዶ ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየገባ ነበር። አዋላጇ እማማ ደብሬ ወዲህ ናቸው፤ በጣም አርጅተው ታንኳ ላይ ሲወጡ ራሳቸውን ስለሚያዞራቸው እናቶች ወደ እሳቸው ይመጣሉ እንጂ እሳቸው አይሄዱም። እትዬ የሻረግ ደግሞ ትልቋን ልጃቸውን በወሊድ ቀብረዋል። ያን ጊዜ የሚያሻግር አልነበረም፤ ማዶ ቆማ ስትጮህ አድራ ማንም ሳይደርስላት ቀረች። ማኅበሩን ያቋቋሙት ከሐዘን በተነሱ ማግስት ነው። እንግዲህ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ይህቺው ዘርፌ ናት፤ እሷም ቀጥና ፈርታ "እማዬ ድረሽልኝ" እያለች በመንገደኛ ሁሉ ትልክባቸው ነበር።

ክረምቱ ከመጥናቱ በፊት፣ ገና አልፎ አልፎ ፀሐይ ብቅ በምትልበት ሰሞን፣ እትዬ የሻረግ ወደ ሊቀ ብልጭታው ሄዱ።

"ጌታዬ፣ ልጄን ከአሁኑ ላሻግራት።"

"ምን ሆና?"

"ልትወልድ ነው።"

"ምጥ ይዟታል?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ችግር የለባትም" አሉ ሊቀ ብልጭታው ዓይናቸውን ጨፍነው። "ችግር የሌለበትን ሰው ማሻገር ከማኅበሩ ዓላማ መውጣት ነው። ምጡ ሲመጣ በሥርዓቱ ትጠራለች።"

"ምጡ ሲመጣ ፀሐይ ባይኖርስ?"

"ክፉ አያስቡ እትዬ የሻረግ።"

እትዬ የሻረግ መንገድ ላይ እያለቀሱ ተመለሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ ድምፃቸው እንደሚሰማ ታውቃላችሁ፤ ገበያተኛው ሁሉ ዞር አለ፣ ማዶ ያሉትም ዝም አሉ።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን አንድ ቀን፣ ከሰዓት በፊት፣ ሰማዩ እንደ እርጥብ በርኖስ ከብዶ ሳለ፣ ማዶ የዘርፌ ባል አንለይ ብቅ አለ። አስቀድሞ ማማው ዘንድ ሄዷል። አብሪው ችግሩን በጥሞና ሰምቶ፣ "ፀሐይ የለም" ብሎ ጥሪውን ሰማዩ ሲገለጥ እንዲላክ አቆይቶለታል። አንለይ ያለው አማራጭ አፉ ብቻ ነው። ውኃው ዳር ቆመና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

"ኧረ አሻግሩን! ዘርፌ ምጥ ይዟታል! ኧረ በፈጠራችሁ!"

ወዲህ ሁሉም ሰማ። አንዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጠፍር ማሰር ጀመረ፤ ሌላው ማማው ላይ መስታወቱን ይወለውል ጀመር። ሊቀ ብልጭታው ከቢሯቸው ደጅ ቆመው ነበርና ቶሎ ብለው "ነፋስ ነው" አሉ። አንለይ ደግሞ ጮኸ። "ነፋሱ ዛሬ በረታ" አሉ።

እትዬ የሻረግ የተገለበጠችውን ታንኳ ለብቻቸው ሲያቃኑ አያ ደርሶ ከማማው ላይ ዘሎ ወረደና መቅዘፊያ አነሳ። ሊቀ ብልጭታው ሮጠው መጡ።

"ወዴት ነው? ምን ሰምታችሁ ነው?"

"ምንም አልሰማንም" አለ አያ ደርሶ ታንኳዋን እየገፋ። "ነፋስ ልንቀበል ነው።"

ታንኳዋ ስንጥቅ ነበረች። አያ ደርሶ ይቀዝፋል፣ እትዬ የሻረግ በቅል ውኃ ይቀዳሉ። ማዶ ደርሰው ዘርፌን አሳፈሩ፤ ሲመለሱ ግን ልጁ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቅ መጣ። ሐይቁ መካከል፣ ዝናብ እየወረደ፣ እናት ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አዋለዱ። እትዬ የሻረግ ልጁ እስኪያለቅስ ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ሲያለቅስ እሳቸውም አለቀሱ፣ ዘርፌም አለቀሰች፣ አያ ደርሶም ዝናቡን አሳቦ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ነው። ድምፁ ወደ አያቱ ነው።

ወደብ ሲደርሱ እማማ ደብሬ ጭቃው ላይ ቆመው ጠበቋቸው፤ አራሷንም ልጁንም ወስደው አስተኟቸው። ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ሊቀ ብልጭታውም ታንኳዋን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ያላዩትን ነገር መቅጣት አይጠበቅባቸውም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁሉም ደስ ብሎት በኖረ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሰማዩ ተገለጠ። ማዶ ያለው አብሪም፣ ኃላፊነቱን የሚያከብር ሰው ነውና፣ አቆይቶት የነበረውን ጥሪ ላከ፦ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል፣ ትሻገር። በዚያን ዕለት የጎረቤቱ ንጉሥ ለጉብኝት መጥተው ከእኛ… ከዚያ አገር ንጉሥ ጋር ሰገነት ላይ ተቀምጠው ነበር። እነሆ፣ በመስታወት የተጠራች የመጀመሪያዋ ወላድ! ንጉሡ በደስታ ተነስተው ቆሙ። ትእዛዙ ወዲያው ወደ ሐይቁ ተብለጨለጨ፤ ሁለቱም ነገሥታት ስትሻገር ለማየት ወንበራቸውን አስጠጉ።

ሊቀ ብልጭታው ወደ እትዬ የሻረግ ቤት እያለከለኩ ደረሱ።

"ዘርፌ ትመለስ።"

"ወዴት?"

"ማዶ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ምጥ ሊይዛት። ከዚያ እናሻግራታለን።"

"ወልዳለች እኮ ጌታዬ! ይኸው እያጠባች ነው።"

"በሥርዓቱ ገና አልወለደችም" አሉ ሊቀ ብልጭታው። ዓይናቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልተጨፈነም፤ ፈርተዋል። "እትዬ የሻረግ፣ ንጉሡ እያዩ ነው። ካልተሻገረች ታንኳዎቹን ዛሬውኑ እወርሳለሁ። ማኅበሩ ይዘጋል።"

ታንኳው ከተወረሰ ማዶ ያሉት እናቶች ሁሉ በያሉበት መቅረታቸው ነው። ይህን እትዬ የሻረግ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው አዩ፤ ዘርፌ ገና ፊቷ አልተመለሰም፣ ልጁን እቅፍ አድርጋ ቁልቁል ታየዋለች። አራስ ልጃቸው ያቺ ስንጥቅ ታንኳ ላይ አትወጣም። ከዚያ ወደ ሊቀ ብልጭታው ዞሩ፤ "ጌታዬ" ማለቱን ተዉት።

"ስማኝ አድማሱ። ንጉሡ እዚያ ኮረብታ ላይ ሆነው ምን ይታያቸዋል?"

"ታንኳ።"

"ሌላስ?"

"ቃሬዛ ላይ የተኛች ሴት። ሆዷ የገፋ።"

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ እማማ ደብሬም ጭምር፣ ቀስ ብለው የሊቀ ብልጭታውን ሆድ ተመለከቱ።

ትራስ እንኳ አላስፈለጋቸውም። የእማማ ደብሬን ነጠላ አከናንበዋቸው፣ ማዶ ወስደው ቃሬዛ ላይ አስተኝተዋቸው፣ ታንኳ ላይ ጫኗቸው። ወዲህ ከበሮ ይመታል፣ ማማው ያብለጨልጫል፣ ሕዝቡ ሳቁን እንዳይለቀው ኩታውን ጎርሷል። አያ ደርሶ እየቀዘፈ ጎንበስ አለ።

"ጌታዬ፣ ያቃስቱ እንጂ። ንጉሡ እያዩ ነው።"

"እንዴት ነው የሚቃሰተው?" አሉ ሊቀ ብልጭታው ከነጠላው ሥር።

"ቤተ መንግሥት ድረስ በእግርዎ ሄደው በመስታወት ይምጡ የተባሉ ያህል።"

ምክሩ ሳያስፈልግ ቀረ። ታንኳዋ ውኃ ታስገባ ስለነበር ከሐይቁ መካከል ሲደርሱ ቅዝቃዜው ጀርባቸውን አገኛቸው፤ የሊቀ ብልጭታው ጩኸት ያን ጊዜ የሐይቁን ወፎች ሁሉ አስነሳ። እማማ ደብሬ ዳር ላይ ሆነው "ይህስ የእውነት ነው፣ ደርሷል" አሉ። ሰው ሁሉ ምራቁ እስኪያንቀው ሳቀ፤ እኔ የነገረኝን ሰው አምኜ ነው እንጂ እዚያ ብሆን እኔም በሳቅ በፈረስኩ ነበር።

ከኮረብታው ላይ ምስጋና ተብለጨለጨ። ብዙ ምስጋና። በመጨረሻም አንድ ትእዛዝ መጣ፦ በብርሃን የተጠራው ልጅ ነገ ቤተ መንግሥት ይቅረብ፤ ስም የሚያወጡለት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው፤ የጎረቤቱም ንጉሥ ሊያቅፉት ይፈልጋሉ።

ሊቀ ብልጭታው ገና ልብሳቸው ሳይደርቅ ወደ ዘርፌ ተመለሱ። አሁን ጨዋነታቸው የእውነት ነበር። ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"ልጅሽን አውሺኝ የኔ እመቤት። ለአንድ ቀን።"

"የቱን ልጅ?"

"ይኸው ይህን።"

"ይህ እኮ በአፍ የተጠራ ነው፣ ጌታዬ። አልተጠራም። እኔም እንደ እርስዎ ሥርዓት ገና ማዶ ነኝ፤ ማዶ ካለ ሰው ጋር ነው የሚነጋገሩት" አለች ዘርፌ። ከዚያ ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው፤ ድምፅዋም ተለወጠ። "ቤተ መንግሥት የገባ ነገር መቼ ተመልሶ ያውቃል? ለፈረስ ስም ያወጡ ነበር አሉ። ለዚህ ግን እኔ አወጣለሁ።"

ሊቀ ብልጭታው ምን ያድርጉ? ወላድ ነኝ ብለው ተኝተዋል፤ ልጅ ግን የላቸውም። እውነቱን ቢናገሩ አንገታቸው ነው። ደግሞ ታንኳ ልውረስ ቢሉ እትዬ የሻረግ አፍ አላቸው፤ ያ አፍ ደግሞ ያለ መስታወት ቤተ መንግሥት ይደርሳል። በማግስቱ ማለዳ ማማው ላይ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ደመና የለም፤ ፀሐይዋ ግንባር ታቃጥላለች። ሊቀ ብልጭታው መስታወቱን ወደ ፀሐይዋ አዞሩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በፀሐይዋ ብርሃን ጥርት አድርገው ለቤተ መንግሥቱ እንዲህ ሲሉ ላኩ፦

"ፀሐይ የለም።"

በቤተ መንግሥቱ አብሪው መልእክቱን እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አነበበና ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ ወደ ሰገነቱ ወጥተው ቀና አሉ፤ ብርሃኑ ዓይናቸውን አጨናበሳቸው። ነገር ግን መስታወት አይሳሳትም ብለው ያወጁት ራሳቸው ናቸው፣ የጎረቤቱም ንጉሥ አጠገባቸው ቆመዋል። "ሰምተናል፤ ሲገለጥ ይቅረብ" ብለው በብልጭታ መለሱ። የጎረቤቱም ንጉሥ ትንሽ ጠብቀው አገራቸው ገቡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ፀሐይ የለም። ሹማምንቱ የመስታወቱን ቃል አክብረው በጠራራው የዝናብ ገሳ ለብሰው፣ ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ ቢሮ ይገባሉ። አብሪዎቹ ማማው ሥር ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ፤ ቀለባቸው ሳይጓደል ይመጣል። መሥሪያ ቤቱም አልተዘጋም፤ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ያውቃል? እትዬ የሻረግ ታንኳዎቹን አስጠገኑ፣ ቀዛፊዎቹም ወደ መቅዘፊያቸው ተመለሱ። ማዶ ሰው ሲጣራ ወዲህ "መጣን!" ይባላል። ሊቀ ብልጭታውም ሲሰሙ "ነፋስ ነው" ይላሉ፣ ማንንም ግን አይከለክሉም።

ዘርፌ እናቷ ቤት እስክትጠነክር ቆየች። ጠዋት ጠዋት ውኃው ዳር ሰሌን ታነጥፍና ልጇን ራቁቱን ታስተኛዋለች፤ ቅባት እየቀባች፣ እያገላበጠች ታሸዋለች፤ እሱም እግሩን ያወራጫል። አንድ ጠዋት ሊቀ ብልጭታው ገሳቸውን ደርበው በዚያ አለፉ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ያን ቀን ውኃ ውስጥ ከተኙ ጀምሮ ደግሞ ወገባቸውን ያማቸዋል። ቆም ብለው ልጁን አዩት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፀሐይ እያሞቅሁት ነው።"

ሊቀ ብልጭታው ግራ ቀኙን አዩ። ወደ ኮረብታውም አዩ።

"ፀሐይ እኮ የለም" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ፣ ሰምቻለሁ" አለች ዘርፌ። ልጁን ወደ ጎኗ ሳብ አድርጋ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው። "ይምጡ፣ ገሳዎን ያውልቁና አረፍ ይበሉ። እርስዎም እኮ አራስ ነዎት።"